የመኪናን ባትሪ ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛ በጥንቃቄ ለማዛወር

የመኪና ባትሪ በአብዛኛው የሚቀመጠው ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከሞተሩ ጎን ነው። ከዚያ አንሥተው ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛ ሊወስዱት የሚፈልጉ ሰዎች ምክንያታቸው ይለያያል፤ አንዱ ከቀድሞው የሚበልጥ ሞተር አስገብቶ ቦታ ጠቦት፣ ሌላው ለውድድር በሚያዘጋጀው መኪና የፊትና የኋላውን ክብደት ለማመጣጠን፣ ሌላው ደግሞ የሞተሩ ሙቀት ባትሪውን ቶሎ ቶሎ እየጨረሰበት ተቸግሮ ነው። ሦስቱም በቂ ምክንያቶች ናቸው። የሊድ አሲድ ባትሪ የሚኖርበት ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የተለመደ ስሌት አለ፤ ስለዚህ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ለሚሠራ መኪና ባትሪውን ከሞተሩ ማራቅ ትርጉም ያለው ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣችው የመጀመሪያዋ ሚኒ ባትሪዋ ከኋላ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5ም ሆነች ቢኤምደብሊው ኢ46 ከፋብሪካ የወጡት ባትሪያቸው ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ቮልስ ብለን የምንጠራት ቮልስዋገን ቢትል ደግሞ ባትሪዋን ከኋላ መቀመጫ ሥር ትይዛለች፤ ቮልስ የያዘ ሰው የባትሪው መሸፈኛ ከጠፋ የመቀመጫው የብረት ስፕሪንግ በተሳፋሪው ክብደት ወርዶ የባትሪውን ተርሚናል (ገመድ የሚታሰርበትን ጫፍ) ሊነካና መቀመጫው ሊቀጣጠል እንደሚችል ማወቅ አለበት። ፋብሪካዎቹ ባትሪውን ወደ ኋላ ሲወስዱት ግን አብረውት የወሰዱት ነገር አለ። ኢ46 በአደጋ ጊዜ ከኤርባጉ ጋር ተያይዞ በትንሽ ፈንጂ የሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሣውን ትንሽ ሞተር) ገመድ ከባትሪው የሚቆርጥ ተርሚናል አላት፤ ማዝዳዋም የጋዝ ማስወጫ ቱቦ ያለው ባትሪ ተገጥሞላታል። ይህንን ጥንቃቄ ትቶ ባትሪውን ብቻ መውሰድ ሥራውን ከግማሽ በታች መሥራት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ነጥብ ይህ ነው። ባትሪው ከፊት ሳለ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ገመድ አንድ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ባትሪው ወደ ኋላ ሲሄድ ያው ገመድ አምስት ሜትር ሆኖ ሰዎች በሚቀመጡበት ክፍል፣ በምንጣፍ ሥር፣ በመቀመጫ ብሎኖች አጠገብ ያልፋል፤ ቁልፉ ጠፍቶም ቢሆን ሌት ተቀን ኃይል ይዞ ያድራል። የገመዱ ሽፋን አንድ ቦታ ተልጦ የመኪናውን ቆርቆሮ ቢነካ ከ1000 አምፔር በላይ ሊፈስ ይችላል፤ በዚህ መጠን ገመዱ በሰከንዶች ውስጥ ግሎ ምንጣፉን ያቃጥላል። አንድ ወዳጄ ባሠራው መኪና ላይ ይህ ሲደርስ አይቻለሁ። ገመዱ የሾፌሩን መቀመጫ ሐዲድ ተጠግቶ አልፎ ነበርና መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተገፋ ቁጥር ሐዲዱ ሽፋኑን ሲሞርደው ከርሞ፣ አንድ ቀን ቆሞ ሳለ ከምንጣፉ ሥር ጭስ ወጣ። በባትሪው አጠገብ ፊውዝ አልተገጠመም ነበር። ወዳጄ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ የኔጌቲቩን ማሰሪያ እስኪፈታ ድረስ የሚያቆመው ነገር አልነበረም፤ ሁለት ጣቶቹም ተቃጠሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያ እንዳይደገም ነው።

መጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባው

ለምሳሌ የምወስደው በአገራችን ዲኤክስ እየተባለች የምትታወቀውን፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያላትን ኮሮላ ነው። የምሰጣቸው ቁጥሮችም ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ናቸው። ናፍጣ ሞተር ለማስነሣት እጅግ የሚበልጥ አምፔር ስለሚጠይቅ ገመዱም ፊውዙም በዚያው ልክ እንደገና መሰላት አለበት። በቆመ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ የሚያስነሣ አዲስ መኪና ወይም በኔጌቲቩ ተርሚናል ላይ የባትሪውን ሁኔታ የሚለካ መቆጣጠሪያ ያለው መኪና ከሆነ፣ ሥራውን ያንን ሥርዓት ለሚያውቅ ባለሙያ መተው ይሻላል። ከኋላ የጋዝ ነዳጅ ሲሊንደር በተጫነበት መኪና ላይ ደግሞ ባትሪ ከሲሊንደሩ ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ የለበትም፤ በዚህ ላይ መደራደር የለም። የኋላው በር ሲከፈት ዕቃ መጫኛውና የተሳፋሪው ክፍል አንድ የሚሆንባቸውን መኪኖች በተመለከተ ከዚህ በታች ስለ ጋዙ የምለው በእጥፍ ይጠብቃል።

የሚገኘውን ጥቅምም በልኩ ማየት ያስፈልጋል። የዚህ መኪና ባትሪ 15 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አምስት ሜትር የ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ግን መዳቡ ብቻ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ ሽፋኑ፣ ሳጥኑና ብረቱ ሲጨመር መኪናው በጠቅላላው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ክብደቱ ቦታውን ቀየረ ማለት ብቻ ነው።

ባትሪውና መቀመጫው

ለዚህ ሥራ የምመርጠው ኤጂኤም የሚባለውን ባትሪ ነው። በዚህ ዓይነት ባትሪ አሲዱ በቀጭን የመስታወት ክር ምንጣፍ ተመጥጦ ስለሚቀመጥ ሳጥኑ ቢሰነጠቅ እንኳ እንደ ውሃ አይፈስም፤ በሚሞላበት ጊዜ የሚፈጠረውንም ጋዝ አብዛኛውን መልሶ ወደ ውሃ ይለውጠዋል። ዋጋው ከተራው ባትሪ ይበልጣል፤ ሆኖም ከልጆች መቀመጫ ጀርባ ለሚቀመጥ ነገር የሚከፈል ተጨማሪ ብር የባከነ አይመስለኝም። ተራውን፣ ውሃ የሚጨመርበትን ባትሪ መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ክዳኑ በጎማ የታሸገና ቱቦው ወደ ውጭ የሚያወጣ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት።

ቦታው ሲመረጥ የመኪናው የመጨረሻ ጫፍ አይመረጥም፤ ከኋላ ሲገጩ መጀመሪያ የሚጨማደደው እዚያ ነውና። ከኋላው ጎማ ቅስት አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ወደ ፊት ቀረብ ብሎ፣ ወፍራም ላሜራ ባለበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ትራፓኖ ከመያዝዎ በፊት ከመኪናው ሥር ገብተው ከወለሉ በታች ምን እንዳለ በዓይንዎ ይመልከቱ፤ የነዳጅ ታንክ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ የሚያልፉት በዚሁ አካባቢ ነው። ከላይ ሆኖ በግምት የሚበሳ ቀዳዳ ታንኩን ሊወጋ ይችላል።

የማሰሪያው ነገር ብዙ ጊዜ ይናቃል። በከባድ ግጭት መኪናው ከምድር ስበት 20 እጥፍ በሆነ ኃይል ድንገት ቢቆም፣ 15 ኪሎ የሚመዝነው ባትሪ ለቅጽበት 300 ኪሎ ያህል ሆኖ ወደ ኋላ መቀመጫው ይወረወራል። ይህንን ኃይል ቪቴ አይችለውም፤ የላስቲክ ቀበቶም አይችለውም። የአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር ኤንኤችአርኤ ከቦታው የተዛወረ ባትሪ ቢያንስ በሁለት የ3/8 ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ብሎኖች ከመኪናው አካል ጋር እንዲታሰርና ማቀፊያውም ብረት እንዲሆን ያዝዛል፤ ለመንገድ መኪናም ከዚህ ያነሰ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ባትሪው በልኩ በተበየደ የብረት መደብ ላይ ይቀመጥ፤ መደቡ በአራት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ወለሉን አልፎ ይታሰር፤ ከወለሉ ሥር ደግሞ ሮንዴላ ብቻ ሳይሆን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ገብቶ ዳዶው በዚያ ላይ ይጥበቅ፤ አለዚያ ብሎኑ ቀጭኑን ወለል ቀዶ ይወጣል። ባትሪውን ከላይ የሚይዘው የብረት ማቀፊያ ሁለቱን ተርሚናሎች የመንካት ዕድል እንዳይኖረው በጎማ ይሸፈን። የተበሳው ሁሉ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ሲያልቅ ባትሪውን በሁለት እጅ ይዘው በኃይል ይነቅንቁት፤ መኪናው ከባትሪው ጋር ካልተነቃነቀ ማሰሪያው ገና ነው።

ጋዙ

ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይወጣል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ሲደርስ በትንሽ ብልጭታ የሚፈነዳ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። ከፊት ኮፈን ሥር ሳለ ነፋሱ ይወስደው ነበር፤ በተዘጋ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግን ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ወጥቶ ከኮፈኑ ሥር ይጠራቀማል፤ እዚያም የመብራት ማብሪያው ብልጭታ ይጠብቀዋል። ኤጂኤም ባትሪም ቢሆን ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከልክ በላይ ከሞላው በደኅንነት ቀዳዳው ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ ለሁለቱም ዓይነት የጋዝ ማስወጫ ቱቦ ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ ባትሪዎች በጎናቸው በኩል ትንሽ የጋዝ መውጫ ቀዳዳ አላቸው። በዚያ ላይ የሚገጥመውን ማጠፊያና አሲድ የማይበላው ቱቦ ያያይዙ፤ በሌላው ጎን ተመሳሳይ ቀዳዳ ካለ እሱ በተዘጋጀለት መድፈኛ ይዘጋ። ሁለቱንም መድፈን ግን ባትሪውን ራሱን ማፈን ነው። ቱቦው በጎማ ቀለበት ተጠብቆ በወለሉ በኩል ይውጣ፤ ጫፉ ወደ ታች ይመልከት፤ ከማርሚታው ይራቅ፤ በመንገዱ ላይም ተንጠልጥሎ ውሃ የሚያቁር ጎባጣ አይኑረው። በዕቃ መጫኛው ውስጥ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ ባትሪው ከልክ በላይ እየተሞላ ነው፤ መስኮቶቹን ከፍተው፣ ሞተሩን አጥፍተው የዲናሞውን ተቆጣጣሪ ያስመርምሩ።

ገመዱ

የገመዱን ውፍረት የሚወስነው በሚያስነሡበት ጊዜ የሚጠፋው ቮልት ነው። ሞተሪኖው በቀዝቃዛ ጠዋት 200 አምፔር ይወስዳል ብለን፣ ርዝመቱን አምስት ሜትር ብናደርገው፣ በ25 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ላይ 0.78 ቮልት ይጠፋል፤ በ35ቱ ላይ 0.55፣ በ50ው ላይ 0.39፣ በ70ው ላይ ደግሞ 0.27 ቮልት። በፖዘቲቩ መንገድ ከ0.5 ቮልት በላይ መጥፋት ስለማይገባ፣ ለዚህ መኪና 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ትክክለኛው ምርጫ ነው። ሲገዙ ክሩን ቆርጠው በቢላ ጫር ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ እርሱም በተመሳሳይ ውፍረት ከንጹሕ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል የሚበልጥ ኃይል ስለሚያባክን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከቀጫጭን ክሮች የተሠራውና እንደ ልብ የሚታጠፈው የብየዳ ማሽን ገመድ ለመዘርጋት ይመቻል፤ ሽፋኑ ግን ዘይትና ነዳጅ የሚቋቋም መሆኑ ይረጋገጥ፤ አለዚያ በቱቦ ውስጥ መግባት አለበት።

ጫፎቹ የሚታሰሩት በወፍራም የመዳብ ጫፍ ላይ፣ በዘይት ግፊት ወይም በረጅም እጀታ በሚሠራ መጨፍለቂያ ነው። በፒንሳና በመዶሻ የተጨፈለቀ ጫፍ መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፤ ወራት ሲቆይ ግን እየላላ ይግላል። መጨፍለቂያው ከሌለዎት የገመዱን ልክ ወስደው መሣሪያው ባለበት ሱቅ ያስጨፍልቁ። ከዚያ በኋላ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ ይልበስ።

መንገዱ በመኪናው ውስጥ፣ ከነዳጅ ቱቦው በተቃራኒው ጎን፣ በበሩ ደፍ ምንጣፍ ሥር ቢሆን ይሻላል። ከመኪናው በታች ማሳለፍ ድንጋይን፣ ጭቃንና የማርሚታውን ሙቀት መጋበዝ ስለሆነ አልመክረውም። ገመዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተሸነሸነ የፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈን፤ በየ30 ሴንቲ ሜትሩም ጎማ በለበሰ ማቀፊያ ይያዝ፤ ከመቀመጫ ሐዲድና ከመቀመጫ ብሎኖች ይራቅ። ቢጫ የለበሱ የኤርባግ ሽቦዎች ባሉበት መኪና ከእነርሱ ጋር በአንድ ማሰሪያ አይታሰር። ቆርቆሮ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ፣ በተለይም በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ላይ፣ የቀዳዳው ጠርዝ ተሞርዶ በልኩ የተሠራ ወፍራም የጎማ ቀለበት ይግባበት። የተቀደደ የጎማ ቁራጭ በሽቦ አስሮ ማለፍ የተለመደ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት።

ከሞተሩ ክፍል ሲደርስ ገመዱ በተሸፈነ የማገናኛ ብሎን ላይ ያርፋል። ከዚያ አንዱ ወደ ሞተሪኖው፣ አንዱ ወደ ዲናሞው፣ አንዱ ወደ ቀድሞው የፊውዝ ሳጥን ይሄዳል። ይህ ብሎን ሌላ ጥቅምም አለው፤ ባትሪው ሲደክም ከሌላ መኪና ኃይል የሚቀበሉት በዚሁ ነው።

ፊውዙ

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተርሚናል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ይገጠማል። ከፊት፣ ከሞተሩ አጠገብ የተገጠመ ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ብቻ ስለሆነ በመኪናው ሆድ ውስጥ ለሚያልፈው አምስት ሜትር ምንም አይፈይድም። ለ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ባለ 250 አምፔር፣ ሜጋ ወይም ኤኤንኤል የሚባለውን በብሎን የሚታሰር ፊውዝ ከነክዳኑ ይጠቀሙ። ሞተሪኖው ሲነሣ ለቅጽበት የሚስበውን ትልቅ ኃይል እንዲህ ዓይነቱ ፊውዝ ሳይቀልጥ ያሳልፈዋል፤ ፖዘቲቩ ቆርቆሮውን ነክቶ ኮንታክት ሲፈጠር ግን ይቆርጣል። አንዳንዶች ሞተሪኖው ፊውዝ አይፈልግም ይላሉ። ገመዱ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው አንድ ሜትር ሲሆን የተጻፈን ልማድ አምስት ሜትር ላይ ማዋል ስሕተት ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ከኋላ፣ ከባትሪው አጠገብ አንድ ትልቅ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) አስገብቶ የሞተሪኖውን ገመድ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኃይል እንዲያገኝ ማድረግ። በዚህ አሠራር ወፍራሙ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ለዲናሞውና ለቀረው መሥመር የሚዘረጋው ሁለተኛ፣ ቀጠን ያለ ገመድ ደግሞ በልኩ አነስ ያለ ፊውዝ ይኖረዋል። ሥራው ይበዛል፤ አቅም ያለው ግን ይህንን ቢመርጥ ደስ ይለኛል።

ማሳው

መካኒኮች ማሳ የሚሉት የኔጌቲቩ ግንኙነት እንደ ፖዘቲቩ ሁሉ ሙሉውን ኃይል ይሸከማል። ገመዱ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ሆኖ ከባትሪው አጠገብ ካለ ወፍራም የሻንሲ ክፍል ጋር ይያያዝ። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጩ ብረት ይፋቅ፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን በሮንዴላና በዳዶ ይጥበቅ፤ ከጠበቀ በኋላ ዝገት እንዳይገባ ግራሶ ወይም ቀለም ይቀባ። የደኅንነት ቀበቶ የታሰረበትን ብሎን ለዚህ መጠቀም ክልክል ነው፤ ያ ብሎን ሌላ ሥራ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። ከፊት ደግሞ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ገመድ በአዲስና በወፍራም ይተካ፤ ባትሪው ሲዛወር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፤ ሞተሪኖው ሲንፏቀቅም ጥፋቱ በአብዛኛው እዚሁ ይገኛል።

ማጥፊያው

ለውድድር በሚውል መኪና ላይ ከውጭ የሚደረስ ዋና ማጥፊያ ግዴታ ነው። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ቦታው ነጭ ጠርዝ ባለው ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ውስጥ በቀይ ብልጭታ እንዲመለከት፣ የሦስት ማዕዘኑም መሠረት ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። ለመንገድ መኪናም ባትሪው ከኋላ ከሆነ ማጥፊያ ቢኖር መልካም ነው። ባለ ሁለት ተርሚናሉ ርካሽ ማጥፊያ ግን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ባትሪውን ቢቆርጥም ዲናሞው ለኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ ለሚሰጠው ዕቃ) ኃይል መስጠቱን ስለሚቀጥል ሞተሩ ላይጠፋ ይችላል፤ ባትሪ የሌለው ዲናሞም ቮልቱ ድንገት ዘሎ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ያቃጥላል። ስለዚህ ባለ ስድስት ተርሚናሉ ይገዛ፤ እሱ ባትሪውን ሲቆርጥ የኮይሉንም መሥመር አብሮ ይቆርጣል፤ የዲናሞውንም ትርፍ ኃይል በሬዚስተር ያወርደዋል።

ማገናኘትና መለካት

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ ይፈታል፤ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ከዚያ በኋላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ፤ መነጽር ይደረግ፤ አሲድ ቢፈስ የሚያረክስ ቤኪንግ ሶዳና ብዙ ውሃ፣ እንዲሁም የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ይቅረብ። ሁሉም ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ፣ ፊውዙ ሳይገባ፣ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) በፖዘቲቩ ገመድና በቆርቆሮው መካከል ግንኙነት አለመኖሩ ይለካ። በዚህ ጊዜ የፊውዝ ሳጥኑና የዲናሞው ሽቦዎች ከማገናኛው ብሎን መነጠል አለባቸው፤ አለዚያ ንባቡ ያሳስታል። ንጹሕ ከሆነ ፖዘቲቩ ይታሰራል፤ ከዚያ ፊውዙ ይገባል፤ ኔጌቲቩ የመጨረሻው ነው።

ከዚያ ሞተሩ እንዳይነሣ የኮይሉ ሽቦ ይነቀልና አንድ ረዳት ቁልፉን ከአምስት ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ያዙር፤ እርስዎ ደግሞ ቴስተሩን በባትሪው ፖዘቲቭና በሞተሪኖው ብሎን መካከል ይያዙ። ከ0.5 ቮልት በታች መሆን አለበት። ቀጥሎም በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ይለካ፤ ከ0.3 ቮልት ከበለጠ ማሳው እንደገና ይፈታና ይፋቅ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ መብራቱ በርቶ ከኋላ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት። በዲናሞው ላይ ያለው ንባብ ከባትሪው ከ0.3 ቮልት በላይ ከበለጠ በመካከሉ የላላ ማያያዣ አለ ማለት ነው፤ በተደጋጋሚ አስነሥተው በእጅዎ ጀርባ ሲዳስሱት የሚሞቀው እሱ ነው።

ከአንድ ሳምንት መንዳት በኋላ ምንጣፉ ተነሥቶ ገመዱ በሙሉ ይታይ፤ ብሎኖቹም እንደገና ይጥበቁ። ኮረኮንች መንገድ የሚበዛበት መኪና ከሆነ ይህ በየስድስት ወሩ ቢደገም ጥሩ ነው። ለመድን ድርጅትዎም ለውጡን በጽሑፍ ያሳውቁ። በመጨረሻም ከፊት ኮፈኑ ውስጥ፣ ባትሪው ቀድሞ በነበረበት ቦታ፣ «ባትሪው ከኋላ ዕቃ መጫኛ በስተቀኝ ነው» የሚል በማይለቅ ቀለም የተጻፈ ምልክት ይለጠፍ፤ በአደጋ ቀን ኮፈኑን የሚከፍተው ሰው እርስዎ ላይሆኑ ይችላሉና።